ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን 17 ሰዓት፣ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ 13 ሰዓት፦ ርቀቱ አንድ ሆኖ ጊዜው ለምን ይለያያል?

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እህት ያቀረቡት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። እናታቸውን ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ትኬት ሲመለከቱ፣ መምጫው በመንገድ ላይ አንድ ቦታ አርፎ ወደ 17 ሰዓት ይፈጃል፤ መመለሻው ግን ያለ ማረፊያ 13 ሰዓት ገደማ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያገኙት የርቀት ማስሊያ በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ኪሎ ሜትርና አንድ ዓይነት ሰዓት ይሰጣል። «አየር መንገዱ ተጨማሪ ሰው ለመጫን ብሎ ነው የሚያሳርፈን? ወይስ ምድር ስለምትዞር ነው? እናቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ነገሩን በደንብ ማወቅ እፈልጋለሁ» ይላሉ።

ሥራዬ የበረራ ዕቅድ ማውጣት ነው፤ ዲስፓቸር ይሉናል። አንድ አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ፣ ስንት ቶን ነዳጅ እንደሚጭን፣ ነፋሱ ስንት ደቂቃ እንደሚጨምርበት ወይም እንደሚቀንስለት የምናሰላው እኛ ነን። ስለዚህ ጥያቄዎ በቀጥታ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ያለ ጉዳይ ነው። መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎ፦ ዋናው ምክንያት ነፋሱም የምድር መዞርም አይደለም፤ የቦሌ ከፍታ ነው። ነፋሱ ሁለተኛ ነው። የምድር መዞር በቀጥታ ምንም ድርሻ የለውም።

ከርቀቱ እንጀምር። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በምድር ክብ ገጽ ላይ የሚለካው አጭሩ መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከምድር ዙሪያ ከሩብ በላይ ማለት ነው። ማስሊያው የሚሰጥዎት ይህንን ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም ትክክል ነው። መንገዱ ግን በግድግዳ ካርታ ላይ ሁለቱን ከተሞች በማስመሪያ ስናገናኝ የምናየው አይደለም። መርካቶር በሚባለው የተለመደ ጠፍጣፋ ካርታ ላይ የሚሰመረው ቀጥታ መስመር እንዲያውም ረጅም ነው፤ 12,090 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። እውነተኛው አጭር መንገድ ከቦሌ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተነሥቶ ሱዳንን፣ ሊቢያንና አልጄሪያን ያቋርጣል፤ በደቡብ ምሥራቅ ስፔን ገብቶ በፖርቱጋል ይወጣል፤ አትላንቲክ መካከል እስከ 45ኛው ዲግሪ ሰሜን ድረስ ከፍ ካለ በኋላ ወደ ደቡብ ምዕራብ ታጥፎ በአሜሪካ ጠረፍ ባለችው ናንተኬት ደሴት አጠገብ አልፎ ወደ ዋሽንግተን ይወርዳል።

ይህን መስመር እንዳለ የሚበር ግን የለም። በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የአገሪቱ ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላኖች እንደ ቀድሞው ክፍት አይደለም፤ ሊቢያንም አየር መንገዶች ከዚያ በፊት ጀምሮ ሲሸሹት ቆይተዋል። ስለዚህ መንገዱ ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ግብፅ ተገፍቶ ከዚያ በሜዲትራንያን በኩል ወደ አውሮፓ ይዞራል። ይህ መቶዎችን ኪሎ ሜትሮች ይጨምራል። ማስሊያው ጦርነት አያውቅም።

የመንገደኛ አውሮፕላን በከፍታው ላይ ሲደላደል በአየሩ ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። 11,560ን ለ900 ቢያካፍሉ 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ያገኛሉ። ማስሊያዎቹ የሚሠሩት ይህንኑ ማካፈል ነው፤ አንዳንዶቹ ለመነሣትና ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩበታል። ስሌቱ አውሮፕላኑ ከየትም ተነሥቶ የትም መድረስ የሚችል፣ አየሩም የቆመ እንደሆነ አድርጎ ይቆጥራል። ሁለቱም ግምቶች በእርስዎ መንገድ ላይ አይሠሩም።

የምድርን መዞር ነገር በቶሎ ላንሣውና ልለፈው፣ ብዙ ሰው የሚያምነው ስለሆነ። ቦሌ ላይ በሩ ተከፍቶ መንገደኛ የሚጠብቅ አውሮፕላን ከነመንገደኛው ከነማኮብኮቢያው ከምድር ጋር ወደ ምሥራቅ በሰዓት 1,650 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘ ነው። አየሩም አብሮ ይዞራል። አውሮፕላኑ ከመሬት ሲለቅ ይህን ፍጥነት ይዞት ይነሣል፤ ምድር ከሥሩ ሸሽታ አትሄድም። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ነበር በአጭር ጊዜ የሚደርሰው፤ ትኬቱ ላይ ያዩት ግን ተቃራኒውን ነው።

አሁን ወደ ቦሌ። የቦሌ ማኮብኮቢያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,330 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ደለስ ደግሞ 95 ሜትር ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ይህ አንድ ሩብ በሦስት በኩል ይመታናል። ክንፉ አውሮፕላኑን የሚያነሣው አየርን ወደ ታች በመግፋት ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሣት አውሮፕላኑ በ15 በመቶ ያህል ፈጥኖ መሮጥ አለበት። ሞተሩም የሚሠራው በሚስበው አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ በደከመ ሞተር የበለጠ ፍጥነት ላይ መድረስ ግድ ይሆናል፤ ለዚህ ደግሞ ረጅም ማኮብኮቢያ ያስፈልጋል። የቦሌው ረጅም ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ነው። ብዙ ነው፣ ግን ያልቃል። ጎማውም የራሱ የፍጥነት ገደብ አለው፤ ከዚያ በላይ እየተሽከረከረ መሬት ላይ መሮጥ አይፈቀድለትም።

ሦስተኛው መንገደኛ የማያየው ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማከብረው ሕግ ይህ ነው። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ሲነሣ፣ ከዚያ በኋላ ማቆም የማይቻልበት የውሳኔ ፍጥነት ላይ ደርሶ ልክ በዚያ ቅጽበት አንዱ ሞተር ቢጠፋ፣ በቀረው አንድ ሞተር ብቻ ተነሥቶ በተወሰነ ዳገት መውጣትና ከፊቱ ያለውን ኮረብታ ሁሉ በበቂ ርቀት ማለፍ መቻሉ አስቀድሞ በስሌት መረጋገጥ አለበት። አዲስ አበባ በተራሮች የተከበበች ከተማ ናት፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሞተር የሚጠፋው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ስሌቱ ግን በእያንዳንዱ በረራ፣ በእያንዳንዱ ሌሊት፣ የሚጠፋ ይመስል ይሠራል። በስሌቱ መሠረት ክብደቱ ከበዛ አንድ መፍትሔ ብቻ አለ፤ መቀነስ።

ምን ይቀነስ? ረጅም ርቀት የሚሄድ አውሮፕላን ሲነሣ ትልቁ ተንቀሳቃሽ ክብደት ነዳጅ ነው። እንደ ቦይንግ 787 ወይም ኤርባስ ኤ350 ያለ አውሮፕላን በሰዓት 6 ቶን ገደማ ያቃጥላል። ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ነፋሱን ተቃውሞ፣ በተዘጉ ሰማዮች ዙሪያ ዞሮ ያለ ማረፊያ ከ14 ሰዓት በላይ ሊበር ነው፤ ይህ ብቻ ከ80 ቶን በላይ ይሆናል። በዚያ ላይ በዓለም አቀፍ ደንብ የሚጫን መጠባበቂያ አለ፦ ለመንገዱ ከሚያስፈልገው ላይ በአብዛኛው 5 በመቶ ጭማሪ፣ መድረሻው ቢዘጋ ወደ ሌላ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያደርስ፣ ከዚያም እዚያ ደርሶ 30 ደቂቃ በሰማይ ላይ የሚያቆይ። ደግሞም ነዳጅ ራሱን ይበላል፤ እንደ ድሮ ሲራራ ነጋዴ ለመንገዱ ርዝመት የያዘው ስንቅ ራሱ ሌላ ስንቅ የሚጠይቅ ሸክም ይሆንበታል። በተለመደው ስሌት አንድ ተጨማሪ ቶን ነዳጅ ለመሸከም በየሰዓቱ ከዚያው ከ3 እስከ 4 በመቶው ይቃጠላል። ከ13 ሰዓት በኋላ ከጨመሩት ቶን ውስጥ ሢሶው ወይም ከዚያ በላይ የጠፋው እርሱን ራሱን በመሸከም ነው።

ባሕር ወለል ላይ ይህን ሁሉ ጭኖ መነሣት ይቻላል። ቦሌ ላይ ግን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ አብረው አይነሡም። አንዱን መምረጥ ነው፦ ወይ ብዙ ወንበር ባዶ ይሁን፣ ሻንጣም ይቅር፤ ወይ ግማሹን መንገድ ብቻ የሚያደርስ ነዳጅ ተጭኖ፣ ባሕር ወለል አጠገብ ባለ ማረፊያ ወርዶ ቀሪው ይሞላ። አንድ መንገደኛ ከነሻንጣው ከ100 ኪሎ በላይ ነው፤ 100 ሰው መተው 10 ቶን እንደ ማትረፍ ነው፤ ይህም የአንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ነዳጅ ብቻ ነው። የአገራችን ሰው ለዘመድ የሚሸከመው በርበሬና ሽሮ፣ ሲሄድም ሲመለስም ሻንጣውን እስከ ጫፍ እንደሚሞላው ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ባለፉት ዓመታት ወደ አሜሪካ የሚሄዱት በረራዎች ሮም፣ የአየርላንዷ ደብሊን ወይም የቶጎዋ ሎሜ ላይ ሲያርፉ ቆይተዋል።

ይህ የእኛ አገር ብቻ ችግር አይደለም። ሜክሲኮ ሲቲም ወደ 2,230 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኤሚሬትስ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ከዱባይ ወደዚያ መብረር ሲጀምር በባርሴሎና በኩል እንዲሆን ያደረገው በዚሁ በከፍታው ምክንያት ነው።

ወደ አውሮፓና አሜሪካ የሚሄዱት አብዛኞቹ በረራዎች ከቦሌ በምሽት የሚነሡትም በከፊል በዚሁ የተነሣ ነው። ከየአፍሪካው ከተማ የሚመጡ መንገደኞች በአንድ ሰዓት እንዲገናኙ ማድረግ አንዱ ምክንያት ነው፤ ሌላው ግን ቅዝቃዜው ነው። ሞቃት አየር ይበልጥ የሳሳ ስለሆነ፣ ቀን በ8 ሰዓት ፀሐይ ላይ መነሣት ከማይችለው ክብደት ውስጥ የተወሰኑ ቶኖች ምሽት ላይ ይነሣሉ።

ከዋሽንግተን ሲመለሱ ይህ ሁሉ የለም። ደለስ 95 ሜትር ላይ ነው፣ አየሩ ወፍራም ነው፣ ማኮብኮቢያዎቹ ረጅም ናቸው። አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ ይነሣል። ቦሌ ሲደርስ ነዳጁን አቃጥሎ ቀልሏል፤ ለማረፍ ከፍታው ብዙም አያስቸግረውም። በዚያ ላይ ነፋሱ ያግዘዋል።

ነፋሱን በተመለከተ፦ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በተለይ በሰሜን አትላንቲክ፣ ጄት ስትሪም የሚባል ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ የነፋስ ወንዝ አለ። በሰዓት 100 እና 200 ኪሎ ሜትር የተለመደ ነው፤ በክረምታቸው ከዚያም ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ከራሱ ከደለስ ወደ ለንደን የተነሣ የቨርጂን አትላንቲክ አውሮፕላን ከመሬት አንጻር በሰዓት 1,290 ኪሎ ሜትር ያህል ደርሷል፤ በዚያ ሰሞን በዋሽንግተን ሰማይ ላይ የተለካው ነፋስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ እንደወትሮው ነበር የሚበረው፤ አየሩ ነው ይዞት የሮጠው። የእርስዎ መንገድ ግን ግማሹ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ በግብፅና በቀይ ባሕር በኩል ስለሆነ ነፋሱን ሙሉ በሙሉ አያገኘውም። ለምሳሌ በመላው መንገድ ሲካፈል 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቢያግዝ 11,560 ኪሎ ሜትሩ 12 ሰዓት ይሆናል፤ ያው ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ 13 ሰዓት ከ45 ደቂቃ። ልዩነቱ ወደ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው፤ ትኬትዎ ላይ ካዩት 4 ሰዓት ውስጥ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ቀሪው የማረፊያው ነው፦ ከከፍታ መውረድ፣ አንድ ሰዓት ያህል መሬት ላይ መቆም፣ እንደገና መውጣት፣ በተጨማሪም ከመንገድ መውጣት።

ከመንገድ መውጣት ስል ማረፊያው የት እንደሆነ ለውጥ አለው። ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,365 ኪሎ ሜትር፣ ከደብሊን ዋሽንግተን 5,460 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ድምሩ ከአጭሩ መስመር በ270 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይበልጣል። አየርላንድ በካርታ ላይ እጅግ ወደ ሰሜን የራቀች ብትመስልም ከመንገዱ ብዙም አታስወጣም። ሎሜ በኩል ሲሆን 4,150 እና 8,600 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ጭማሪው 1,190 ኪሎ ሜትር ነው። ታዲያ ሎሜ ለምን ይመረጣል? እዚህ ላይ ጥርጣሬዎ በከፊል ልክ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባለድርሻ የሆነበት አስካይ የተባለው አየር መንገድ መናኸሪያው ሎሜ ነው፤ ከምዕራብ አፍሪካ ከተሞች ወደ አሜሪካ የሚሄዱ መንገደኞችን እዚያ ሰብስቦ ያገናኛል። ሰው ይጫናል፣ ሰውም ይወርዳል። ማረፉ ራሱ ግን ግዴታ ነው፤ ምርጫው የት ይሁን የሚለው ብቻ ነው፤ ማረፍ ግድ ከሆነ ደግሞ መንገደኛ ባለበት ማረፍ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። አየር መንገዶች ይህንን ትኬት ሲሸጡ በግልጽ አለመንገራቸው ግን ተገቢ አይደለም። ብዙ ሰው ማረፊያ እንዳለ የሚያውቀው አውሮፕላኑ ውስጥ ሆኖ መውረድ ሲጀምር ነው፤ ለአረጋውያን ደግሞ ይህ ያስደነግጣል። ለእናትዎ አስቀድመው ይንገሯቸው፦ አውሮፕላኑ በመንገድ ላይ የሚያርፈው ምንም ችግር ገጥሞት አይደለም፤ ነዳጅ ለመሙላት ነው።

ወደፊት ያለ ማረፊያ ይሆናል ወይ ብለው ከጠየቁ፣ የእኔ ተስፋ ያለው በአዲሱ ማረፊያ ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ በሚባል ቦታ የሚሠራው አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ትንሽ ይመስላል፤ የአየር ግፊቱ ግን በ5 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በዙሪያውም ሜዳ አለ። ከ250 ቶን በላይ ለሚመዝን አውሮፕላን ይህ ብዙ ቶን ነዳጅ ማለት ነው። ሁሉንም መንገድ በሙሉ ጭነት ያለ ማረፊያ ያስኬዳል ለማለት ግን የሚነሣውን አውሮፕላን ዓይነትና የሱዳንን ሰማይ አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

አሁን ትኬቱን ሲያዩ የሚያሳስቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት የየአገሩ ሰዓት ነው። ከቦሌ 22:30 ተነሥቶ ዋሽንግተን በማግሥቱ 8:30 ይደርሳል ቢል 10 ሰዓት ይመስላል፤ በመካከል የ7 ሰዓት ልዩነት ስላለ 17 ሰዓት ነው። ከዋሽንግተን 11:00 ተነሥቶ አዲስ አበባ በማግሥቱ 7:00 ሲል ደግሞ 20 ሰዓት ይመስላል፤ 13 ነው። አሜሪካ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መግቢያ ገደማ ሰዓቷን ስለምትመልስ ልዩነቱ በዚያ ጊዜ 8 ይሆናል፤ እኛ ሰዓታችንን አንለውጥም። ሁለተኛው፣ 22:30 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4:30 ነው። ይህን ያልኩት እናትዎን ቦሌ የሚሸኛቸው ሰው ትኬቱን አይቶ ግራ እንዳይጋባ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት የሚጠይቁት፦ ማረፊያው የት ነው? በአንድ የበረራ ቁጥር ነው ወይስ አውሮፕላን ይቀየራል? መንገደኛ ይወርዳል ወይስ ተቀምጦ ይጠብቃል? ለነዳጅ ብቻ ሲታረፍ አብዛኛውን ጊዜ መንገደኛ ወንበሩ ላይ እንዳለ ይቆያል፤ በሩ ሲከፈት ግን ቆሞ መንጠራራት፣ በወንበሮቹ መካከል መመላለስ ይቻላል። ለጉልበታቸው ይህ አንድ ሰዓት እፎይታ ነው፤ በ13 ሰዓቱ ቀጥታ በረራ ላይ ግን ይህን ዕድል ስለማያገኙ በየሁለት ሰዓቱ እንዲነሡ ይምከሯቸው፤ የእግር እብጠት ወይም የደም መርጋት ታሪክ ካለ ደግሞ ሐኪማቸውን አስቀድመው ያማክሩ። የመተላለፊያ ዳር ወንበር ያስይዙላቸው። ተሽከርካሪ ወንበር ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ይጠይቁ፤ ደለስ ላይ ከአውሮፕላኑ እስከ ኢሚግሬሽን ያለው መንገድ ረጅም ነው።

ሊቀበሏቸው ሲወጡም ከቦሌ የተነሣበትን ሰዓት ይዘው 17 አይደምሩበት። አውሮፕላኑ ከማረፊያው፣ ከሎሜም ሆነ ከደብሊን፣ እንደገና የተነሣበትን ሰዓት ይመልከቱ። ያን ጊዜ ነዳጁም ተሞልቷል፣ ነፋሱም ታውቋል፤ የበረራ መከታተያዎች የሚሰጡት የመድረሻ ሰዓት ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ብዙም አይሳሳትም።